ይሄ የእማዬ አበባ ፍሎክስ ነው?

የታቦር ልጅ (ሐዋሳ)
ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ ካረፈች ዓመት ሊሞላ ነው። ግቢዋን አሁን የምንከባከበው እኔ ነኝ። በረንዳው ጥግ ላይ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ሮዝ አበባ አለ። እሷ «ሮዟ» ነበር የምትለው፤ ትክክለኛ ስሙን ሳልጠይቃት ቀረሁ። ቪርጂኒያ ያለችው አክስቴ በቪዲዮ አይታው «ይሄማ ፍሎክስ ነው፣ እኔም ደጅ አለ» አለችኝ። አበባዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ተሰብስበው እቅፍ ይሠራሉ። እያንዳንዷ አበባ አምስት ቅጠል አላት፣ ከሥሯ ቀጭን ቱቦ። የተክሉ ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጣሉ። ክረምት ከበጋ ያብባል። በረንዳው ሊፈርስ ስለሆነ አበባው እንዳይጠፋብኝ ፈርቻለሁ። እባካችሁ፣ ምንድነው? እንዴትስ ይባዛል?

አዳማ ነኝ
ነፍስ ይማር እህቴ። አምስት ቅጠል፣ ቱቦ፣ ጥንድ ቅጠል፤ ሁሉም የፍሎክስ ምልክት ነው። አክስትሽ ልክ ሳትሆን አትቀርም።

ችግኝ አፍይ
እኔ ግን «ክረምት ከበጋ ያብባል» ያልሽው አጠራጠረኝ። የአክስትሽ ፍሎክስ የምሥራቅ አሜሪካ ተክል ነው። እዚያ በበጋቸው ያብባል፤ ብርዱ ሲመጣ ከላይ ደርቆ በጸደይ እንደገና ከሥሩ ይበቅላል። የአበባው ቅጠሎች ሰፊና ጫፋቸው ክብ ነው፤ ሽታውም ጣፋጭ ነው። ያንቺ እንደ ኮከብ የሾለ ከሆነ ፔንታስ ነው እላለሁ።

አንድ ነገር አድርጊልኝ። ጥንዶቹ ቅጠሎች ከግንዱ ጋር የሚገናኙበትን አንጓ እዪ። በሁለቱ መሃል ቀጫጭን ፀጉር የመሰሉ ነገሮች ቆመዋል? ቡና ካለሽ የሱንም አንጓ እዪ፤ እዚያው ቦታ ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ታገኛለሽ። ፔንታስና ቡና አንድ ቤተሰብ ናቸው። ፍሎክስ ግን እዚያ ምንም የለውም።

የታቦር ልጅ (ሐዋሳ)
አሁን በስልኬ መብራት አየሁት። አለ! አምስት ስድስት ቀይ ቀይ ክሮች፣ ጫፋቸው ላይ እንደ ነጥብ ያለ ነገር አለ። ቅጠሉን ስነካው ይሻክራል። የአበባዋ አፍ ውስጥም ነጭ ፀጉር ሞልቷል። ሽታ የለውም። የጓሮው ቡናም ልክ እንዳልከው ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት ስመለከተው አላስተዋልኩትም።

ችግኝ አፍይ
በቃ፣ ፔንታስ ነው። ከውጭ የመጣ እንዳይመስልሽ፤ በዱርም የሚበቅል የአገራችን ተክል ነው። ያላበበ ጫፍ ከአንጓ በታች ቁረጪ፣ ከስንዝር ይጠር። የታችኛውን ቅጠል አራግፈሽ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ትከይው፣ ጥላ ሥር ይሁን። በሦስት አራት ሳምንት ሥር ይይዛል። እስከዚያ እናትየውን እንዳትነቅያት።

የታቦር ልጅ (ሐዋሳ)
እግዜር ይስጥልኝ። ስድስት ቁራጭ በዘይት ጀሪካን ግማሽ ተክያለሁ፣ ከሥሩ በስቼዋለሁ። ግንበኛውንም ወር እንዲጠብቀኝ ለመንኩት፤ እሺ ብሎኛል። ውሃ በየቀኑ ነው?

ችግኝ አፍይ
አፈሩን በጣትሽ ንኪው። እርጥብ ከሆነ ተይው። ሥር ያልያዘ ቁራጭ ከድርቀት ይልቅ ውሃ ሲበዛበት ቶሎ ይበሰብሳል።