«ቢትልጁስ» ክፍል ሁለት የመጀመሪያውን ይመጥናል?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ቤተሰብ። በፈረንጆቹ 1988 የወጣውን «ቢትልጁስ» የተባለ ፊልም በጣም ነው የምወደው። የ13 ዓመቷ ታናሽ እህቴ ግን ጭራሽ አላየችውም። አሁን በ2024 የወጣውን ክፍል ሁለት እንይ እያለች ወጥራ ይዛኛለች። የመጀመሪያውን ሳታይ ይገባታል? ደግሞስ ያስቃል ወይስ በስም ብቻ ነው የመጣው? መጨረሻውን እንዳትነግሩኝ፣ አደራ።

ፖፕኮርን፦
ታሪኩ ይገባታል፤ ቀልዱ ግን ግማሹ ያመልጣታል። ዋና ገጸ ባሕሪዋ ሊዲያ ያኔ ጥቁር የምትለብስ አኩራፊ ልጅ ነበረች። አሁን እሷ እናት ሆናለች፤ በተራዋ ልጇ አስትሪድ ታኮርፋታለች። ይህ የሚያስቀው የድሮዋን ሊዲያ ለሚያውቅ ነው። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው፤ እሱን አስቀድሙ።

ነገር ፈላጊ፦
እኔ አይመጥንም ባይ ነኝ። የመጀመሪያው ታሪክ ምን ነበር? ባልና ሚስት ሞተው በገዛ ቤታቸው መንፈስ ሆነው ይቀራሉ፤ አዲስ የገቡትን ሰዎች ለማስወጣት ይታገላሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ክፍል ሁለት ላይ ግን የሊዲያ እጮኛ አለ፣ የአስትሪድ ፍቅር አለ፣ ዊለም ዴፎ የሚጫወተው የሙታን ዓለም ፖሊስ አለ። ሞኒካ ቤሉቺ ደግሞ ነፍስ እየመጠጠች የምትገድል፣ የባለጌው መንፈስ የቢትልጁስ የቀድሞ ሚስት ሆናለች። አገባቧ ግሩም ነው፤ ከዚያ ፊልሙ ራሱ ይረሳታል! እነዚያ ደጋግ ባልና ሚስትም በአንዲት ዓረፍተ ነገር ተሸኝተዋል። ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት ያናደደችኝ።

የኋላ ወንበር፦
ነገር ፈላጊ ስለ ታሪኩ ያልከው ልክ ነው። ግን ሰው ይህን ፊልም የሚያየው ለታሪኩ ነው እንዴ? ቢትልጁስን የሚጫወተው ማይክል ኪተን ከ36 ዓመት በኋላም ያው ባለጌ፣ ያው ቀባጣሪ ነው። በመጀመሪያው ላይ የሚታየው ከ20 ደቂቃ በታች ነው፤ አሁንም ቆጥበው ነው ያወጡት። ጥሩ አደረጉ፣ ቢበዛ ይሰለች ነበር። ደግሞ ዳይሬክተሩ ቲም በርተን ሁሉን ነገር ለኮምፒውተር አልተወም። አሻንጉሊቱም ሜካፑም በእጅ የተሠራ መሆኑ ያስታውቃል። የሊዲያ እንጀራ እናት ሆና የምትጫወተው ካትሪን ኦሃራማ ብቻዋን ታስቀኛለች።

ጠያቂዋ፦
አመሰግናለሁ። አስፈሪነቱስ ለእሷ እንዴት ነው?

ፖፕኮርን፦
ቤሉቺ የተቆራረጠ አካሏን በስቴፕለር ስትገጣጥም ትንሽ ይዘገንናል። ግን ጠንቀቅ ማለት ያለብሽ ለአሮጌው ነው። በዕድሜ ደረጃው ከአዲሱ ይልቅ ለልጆች የቀለለ ነው የሚባለው፤ ሆኖም ከባድ ስድብ አለበት፣ የሴተኛ አዳሪዎች ቤት አለበት፣ ራሳቸውን ስላጠፉ ሰዎችም ቀልድ አለበት። የዚያን ዘመን ደረጃ መዳቢዎች እንዴት እንዳሳለፉት እንጃ! አብረሻት ተቀመጪ።

ነገር ፈላጊ፦
መጨረሻውን አልናገርም። ግን እዚያ ጋ አንድ ዘፈን አለ፤ የድሮውን የእራት ጠረጴዛ ጭፈራ ሊደግሙ ፈልገው ነው። ሲጀምር ትስቂያለሽ። ከዚያ አያልቅም። ሻይ አፍልተሽ ትመለሻለሽ፣ አሁንም እየዘፈኑ ነው።