የዕቅድ ውይይት፦ ከጥልቅ ባሕር የወጣውን ሾጣጣ ዛጎል እንዴት እንለየው?

ሰብሳቢው (አዲስ አበባ)፦
እንደምን ሰነበታችሁ። ጅቡቲ ያለው ወንድማችን ባለፈው ስብሰባ ያሳየንን ዛጎል ታስታውሱታላችሁ። ነጭ መደብ፣ ድንኳን የሚመስሉ ቡናማ ትንንሽ ምልክቶች፣ ጫፉ እንደ ደረጃ እየዞረ ወደ ላይ የወጣ። ለጥናት ከያዝናት ትንሽ በጀት ላይ የጋራ ፕሮፖዛል ይቅረብ ተብሏል። ረቂቁን ጀምሬዋለሁ። ርእሱ «አዲስ የጥልቅ ባሕር ቀንድ አውጣ ዝርያ መለየትና መሰየም» ይላል። ቁረጡ፣ ቀጥሉ፣ አስተካክሉ።

የጅቡቲው አባል፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ዛጎሉን የሰጠኝ ዓሣ አጥማጅ ወዳጄ ነው። ለዓሣ የጣለው መረብ ይዞት መጣ። በካሊፐር ለካሁት፤ 9.4 ሴንቲ ሜትር ነው። ውስጡ ባዶ ነው። ስሙን በተመለከተ በማኅበራችን ቢጠራ ደስ ይለኛል። ትንሽ አቧራ ስላለው በበረኪና አጥቤ ሌላ ፎቶ እልካለሁ።

የባዮሎጂ መምህሯ (ባሕር ዳር)፦
በረኪናውን አስቀምጠው ወንድሜ! እንዳትነካው። ቀለሙም፣ ላዩ ላይ የቀረች ስስ ቆዳ ካለችም እሷ ራሷ ማስረጃ ናት።

ስሙንም አንቸኩልበት። ልጁ ክርስትና ተነሥቶ ሳለ እኛ ሁለተኛ ልናነሳው እንዳይሆን። ፎቶውን ሳየው ኮነስ ሚልኔድዋርድሲ መሰለኝ። ኮነስ የሾጣጣ ቀንድ አውጣዎች ወገን ስም ነው። ፈረንሳዊው ዡሶም እ.ኤ.አ. በ1894 ያወጣለት ስም ነው። ከኤደን ባሕረ ሰላጤ እስከ ደቡብ አፍሪካ፣ በወዲያ በኩል እስከ ሕንድ ይገኛል። ጥልቅ ውኃ ስለሚወድ ብዙ ጊዜ እጅ የሚገባው በመረብ ነው። ጅቡቲ ያላችሁት ደጃፉ ላይ ናችሁ።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በአረብ ባሕር፣ ከቦምቤይ ወዲያ፣ የቴሌግራፍ ገመድ ከባሕር ወለል ሲነሳ ይኸው ዓይነት ቀንድ አውጣ ተጣብቆ ወጣ። ሜልቪልና ስታንደን የተባሉ እንግሊዛውያን በ1899 አዲስ ዝርያ ነው ብለው ኮነስ ክሊቶስፓይራ አሉት። ለካ ዡሶም በ5 ዓመት ቀድሟቸዋል። በሥነ ምደባ ሕግ የቀደመ ስም ይጸናል። ስለዚህ ክሊቶስፓይራ ዝቅ ብሎ ቀረ፤ ዛሬ የሕንዱን ጎን ለይተው እንደ ንዑስ ዝርያ የሚይዙት አሉ። በ1989 ደግሞ ሌሙሪየንሲስ የሚባል ሌላ ንዑስ ዝርያ ተጨምሯል። እነዚያ ሰዎች ዘመናቸውን ሙሉ ዛጎል ሲያገላብጡ የኖሩ ናቸው። እኛማ!

ገንዘብ ያዡ፦
ይቅርታ፣ የሒሳብ ሰው ነኝና ልጠይቅ። ቢሸጥ ምን ያወጣል?

የባዮሎጂ መምህሯ፦
ጥያቄው አይከፋም፤ ግን ዋጋ አያስተማምንም። ሌላውን ሾጣጣ ዛጎል፣ ኮነስ ግሎሪያማሪስን ውሰዱ። ከ1777 ጀምሮ በስም ይታወቃል። ግን በጣም ጥቂት ስለነበረ ሰብሳቢዎች ብዙ ገንዘብ ያፈሱበት ነበር። በ1969 ጠላቂዎች ሰሎሞን ደሴቶች ውስጥ ባለችው ጓዳልካናል አጠገብ መኖሪያውን ሲያገኙት ዋጋው ወደቀ። ለማንኛውም ለሽያጭ ከሆነ እኔ የለሁበትም።

የዋሽንግተኑ አባል፦
እኔ ቤተ ሙከራ ስለምውል የዲኤንኤውን ነገር ልናገር። ረቂቁ ላይ ከበጀቱ ግማሹን የሚወስደው እሱ ነው። ይውጣ። ቁራሽ ሥጋ አልኮል ውስጥ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ሲኦአይ የሚባለውን ጂን አንብበን እናነጻጽር ነበር። ባዶ ዛጎል ላይ ይህን ያህል ገንዘብ መድፋት ግን ብክነት ነው። ራዱላውም የለም። እንደ ጦር የሚወረወር ጥርሱን ማለቴ ነው። ትል፣ ዓሣ ወይም ሌላ ቀንድ አውጣ አዳኝ መሆኑን የምናውቀው ከእሱ ነበር።

ሌላው፣ ረቂቁ «ጥልቅ ውኃ ስለሚኖር ፕሮፈንዲኮነስ ወገን ውስጥ ይመደባል» ይላል፤ ከኮነስ የተለየ የሾጣጣዎች ወገን ማለት ነው። እንዲህ አይደለም። ጥልቀት አድራሻ ነው፤ ዘር አይደለም። ግሎሪያማሪስም ጥልቅ ውኃ ይኖራል፣ ግን ኮነስ ነው። ምደባው ራሱ ብዙ ተንገላቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሁለት ተመራማሪዎች ዛጎልና ራዱላ አይተው ሾጣጣዎቹን 82 ወገን አደረጓቸው። በ2015 ፒዩያንድርና ባልደረቦቹ በዲኤንኤ ወደ 4 አወረዱት፦ ኮነስ፣ ኮናስፕሬላ፣ ፕሮፈንዲኮነስና ካሊፎርኒኮነስ። ከዚያ ወዲህ ትንንሽ ወገኖች ተጨምረዋል። እኛ «ኮነስ» ብለን እንቁም። ከዚያ በታች ያለውን ለባለሙያ እንተው።

የጅቡቲው አባል፦
እሺ፣ ስሙን ተውኩት። ትንሽ ከፍቶኛል ግን ተውኩት። በረኪናውም ቀርቷል። ታዲያ እኛ ምን እንሥራ?

የባዮሎጂ መምህሯ፦
ዋናው ሥራ ያለው አንተ ጋ ነው። ዛጎሉን ከሚመስሉት ጋር እናስተያያለን። ኮነስ ቴክስታይል ቀይ ባሕር ሞልቷል፤ ድንኳንም አለው። ግን ጥልቀት በሌለው ውኃ የሚኖር ነው፤ ወፍራም ነው፣ ጫፉም አጠር ያለ ነው። ግሎሪያማሪስ ድንኳኖቹ ደቃቅ ናቸው፣ ጫፉም እንዲህ ደረጃ የለውም፣ አገሩም ወደ ፊሊፒንስና ሰሎሞን ደሴቶች ነው። ቤንጋሌንሲስ፣ በ1968 የተሰየመው፣ የቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ነው። ደረጃው በግልጽ የሚታይ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይወድቃሉ፤ ቤንጋሌንሲስ ደግሞ አገሩ ሩቅ ነው።

ፎቶ ስታነሳ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከላይ፣ ከጎን አንሳው፤ ማስመሪያ አጠገቡ ይኑር። የጫፉን ጫፍ በተለይ አቅርበህ አንሳልኝ። እዚያ ላይ ከእንቁላል ሲወጣ የነበረው የሕፃንነት ዛጎል አለ። ጥምዙ ብዙ ከሆነ እጩ፣ ማለትም ገና ከእንቁላል የወጣው ልጅ፣ ተንሳፍፎ ብዙ ርቆ ይሄዳል፤ ጥቂት ከሆነ እዚያው አካባቢ ይቀራል።

የጅቡቲው አባል፦
የጫፉ ጫፍ እኮ ተሰብሯል።

የባዮሎጂ መምህሯ፦
በቃ፣ «ተሰብሯል» ብለን እንጽፋለን።

የፓሪሷ አባል፦
አርፍጄ ገባሁ። የዡሶም ስብስብ የሚገኘው እዚህ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙ ውስጥ ነው። ደብዳቤ ጽፈን ፎቶ እንልካለን፤ ከስብስቡ ጋር ያስተያዩልናል ወይ ብለን እንጠይቃለን። ግን የት ተያዘ፣ ስንት ሜትር፣ መቼ፣ በምን መረብ ካላልን ማንም ትኩረት አይሰጠንም። አድራሻ የሌለው ዛጎል ጌጥ ነው። ደግሞ ባዶ ከነበረ ሸርጣን ገብቶበት ከሌላ ቦታ ተሸክሞት ሊሆን ይችላል። ወዳጅህን ጠይቀው፣ ውስጡ ምን ነበር?

ሰብሳቢው፦
በጎ ነው። ረቂቁን እንደገና ጽፌዋለሁ። ርእሱ «ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የተገኘ ሾጣጣ ዛጎል መለየት» ሆኗል። «አዲስ» የሚለው ቃል ወጥቷል። ዲኤንኤ ወጥቷል። ለፎቶግራፍ፣ ለፖስታና ለትንሽ ሣጥን ብቻ ነው ገንዘብ የምንጠይቀው። መደምደሚያው «ሚልኔድዋርድሲ ሊሆን ይችላል፤ ንዑስ ዝርያው አልተወሰነም» ይላል። ወደፊት ዓሣ አጥማጆች በሕይወት ያለ ቢያገኙ በእጅ እንዳይነኩ የሚል አንድ መስመር ጨምሬያለሁ። መርዙ ቀልድ አይደለም።

ገንዘብ ያዡ፦
ይህን ያህልማ አሁኑኑ እፈርማለሁ።

የጅቡቲው አባል፦
ወዳጄን ማታ አገኘሁት። ጥልቀቱን በሜትር አያውቅም። ገመዱን እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ነው የሚለካው፤ ወደ 50 ገደማ ቆጥሬያለሁ አለኝ። 90 ሜትር አካባቢ መሆኑ ነው። ቦታውን በእጁ ሥሎልኛል፤ ወረቀቱ ዘይት ነክቶታል ግን ይነበባል። ሸርጣን ነበረበት ወይ ስለው ሳቀ፤ ነበረ፣ ወደ ባሕር ወርውሬዋለሁ አለ። ይህንንም ጻፉት። ዛጎሉን ደግሞ ከቡፌው አውርጄዋለሁ። ባለቤቴ ከስኒዎቹ ጎን ደርድራው ነበር፤ እስካሁን አኩርፋለች።