የአባቴን ቮልስ ልሽጥ ወይስ ላቆያት? ምከሩኝ
ሰላም ባህር ዳሮች። የአባቴ ቮልስ ግቢያችን ውስጥ ቆማለች። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የላትም። ካርቡሬተሯና ቫልቯ ከተስተካከለ ትነሳለች። የሰፈር መካኒክ ሁሉ ያውቃታል። ግን ኤርባግ የለም፣ ኤቢኤስ (ድንገት ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) የለም። ልጆቼን ጭኜ የአባይን በረሃ ልወርድባት አልደፍርም።

ወንድሜ "ሽጣትና አይዲ 4 ግዛ" ይለኛል። ያው የቮልስዋገን ናት፣ በኤሌክትሪክ የምትሄድ። የሚገርመው፣ ባለ አንድ ሞተሯ አይዲ 4ም ሞተሯ ከኋላ ነው። ነድቻታለሁ። ድምፅ የላትም፣ ጉልበቷ ግን ጉድ ነው! የቤንዚን ሰልፍም ሰልችቶኛል። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ተከልክሏል።

የሚያስጨንቀኝ ባትሪው ነው። መብራት ሲጠፋስ? ከቻይና የሚመጡት ስክሪናቸው በቻይንኛ ነው፤ ብልሽት ሲያሳይ ማን ያነበዋል?

እባካችሁ፣ እዚህ አይዲ 4 የምትነዱ፣ ቤት ነው የምትሞሉት? ቆጣሪያችሁ ቻለው? አዲስ አበባ ስትሄዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገድ ላይ የት ትሞላላችሁ? ቮልስ ያላችሁም፣ የፍሬን ዕቃ ከየት ታገኛላችሁ? እውነቱን ለመናገር አባቴ የነዳትን መኪና መሸጥ ከብዶኛል። ገዢው ግን በዚህ ሳምንት መልስ ይፈልጋል።