የድሮ ናፍጣ ቫን፦ ኤሌክትሪኩ አንዳንዴ ይጠፋል

ጥያቄ፦ 12 ቮልት ነው፤ ኮምፒውተር የለውም። ኮረኮንች ላይ የዳሽቦርዱ መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ፣ አልፎ አልፎም ሞተሩ ቀጥ ይላል። ፊውዞቹ ደህና ናቸው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከማሳ (የባትሪውን ነጌቲቭ ከመኪናውና ከሞተሩ ብረት ጋር ከሚያገናኘው መስመር)። ሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) እየዞረ ከባትሪው ነጌቲቭ እስከ ሞተሩ ብረት ቮልቴጅ ለካ። ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ የማሳው ገመድ ዝጓል ወይም ቡሎኑ ላልቷል፤ ፈተህ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው። በኦም (በሬዚስታንስ) አትለካ፤ ገመዱ አንድ ክር ብቻ ቢቀረው እንኳ ደህና ይመስላል።

መልስ፦ ለሞተሩ መቆም ግን እኔ የናፍጣ ፖምፓውን ማጥፊያ ሶሌኖይድ (ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት ነዳጁን የሚዘጋውን ቫልቭ) ነው የምጠረጥረው። ከሶሌኖይዱ ተርሚናል ሽቦ ስበህ ጋቢና ውስጥ ትንሽ አምፖል አንጠልጥል፤ ሌላውን ጫፍ ማሳ ላይ እሰር። ሞተሩ ሲቆም አምፖሉም ከጠፋ የቁልፉን ሶኬት ነቅንቅ። ካልጠፋ ነዳጁን ወይም ሶሌኖይዱን ራሱን እይ።

መልስ፦ የፊውዝ መቀመጫዎቹንም እይ፤ ፕላስቲኩ ከጠቆረ መያዣው ላልቷል ማለት ነው።