ዊንዶውስ ሰርቨርን ወደ ቨርቹዋል ማሽን ካዛወርን በኋላ ኔትወርኩ ዘገየ፤ ካርዱን ወደ ቪርትአይኦ እንዴት ልቀይር?

ጠያቂ፦

ጤና ይስጥልኝ። ፒያሳ በሚገኝ አንድ ቢሮ ውስጥ የሒሳብ ፕሮግራሙንና የጋራ ፋይሎችን የያዘውን ሰርቨር እከታተላለሁ። ዊንዶውስ ሰርቨር 2019 ሲሆን፣ ባለፈው ወር ፕሮክስሞክስ (ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስኬድ ሶፍትዌር) ላይ ወዳለ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሶፍትዌር ወደተሠራ ኮምፒውተር፣ አዛውረነዋል። ከዚያ ወዲህ ትልልቅ ፋይሎች ሲቀዱ ፍጥነቱ ከቀድሞው በግማሽ ያህል ቀንሷል፤ በዚያው ሰዓት የሲፒዩ አጠቃቀሙም ይንራል። የኔትወርክ ካርዱ ዓይነት ኢ1000 ነው። ወደ ቪርትአይኦ (ለቨርቹዋል ማሽን ተብሎ ወደተሠራው የካርድ ዓይነት) ብቀይረውም ማሽኑ ሲነሣ ጭራሹኑ ኔትወርክ ስላልነበረው ደንግጬ ወደ ነበረበት መለስኩት። የሰኔ 30 ሒሳብ መዝጊያ ተቃርቧልና ሥራ ሳላስተጓጉል እንዴት ልቀይረው?

መልስ 1 (ከካዛንቺስ)፦

ኢ1000 ሀይፐርቫይዘሩ (ቨርቹዋል ማሽኖቹን የሚያስኬደው ሶፍትዌር) የኢንቴልን የቆየ የጊጋቢት ካርድ በሶፍትዌር እያስመሰለ የሚያቀርበው ካርድ ነው። ዊንዶውስ እውነተኛ ካርድ እየመሰለው ትእዛዝ በሰጠ ቁጥር ሲፒዩው የቨርቹዋል ማሽኑን ሥራ አቋርጦ ወደ ሀይፐርቫይዘሩ ይሄዳል፣ የካርዱ ምላሽ ተመስሎ ከተዘጋጀ በኋላም ይመለሳል። ለእያንዳንዷ ወረቀት ፊርማ ፍለጋ አምስተኛ ፎቅ ወጥቶ እንደ መውረድ ነው፤ የሲፒዩው መናርም ከዚሁ የመጣ ነው። የቪርትአይኦ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) ግን በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ መሆኑን አውቆ የተሠራ ስለሆነ፣ ፓኬቶቹን (የዳታ ጥቅሎቹን) ሁለቱም ወገን በሚያዩት የሜሞሪ ክፍል ላይ ይደረድርና ብዙውን በአንድ ምልክት ያስረክባል። ሊኑክስ ይህን ድራይቨር ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በከርነሉ (በሲስተሙ ዋና አካል) ይዞታል። ዊንዶውስ ሲጫን ግን አብሮት አይመጣም፤ ኔትወርኩ የጠፋብዎትም በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ አሮጌውን ካርድ ሳይነኩ ሁለተኛ ካርድ በቪርትአይኦ ዓይነት ይጨምሩ። የቪርትአይኦ ዊንዶውስ ድራይቨሮችን የያዘውን የአይኤስኦ ፋይል እንደ ሲዲ አያይዘው፣ ከዲቫይስ ማኔጀር ኔትኬቪኤም የተባለውን ድራይቨር ይጫኑ። ሠራተኞቹ ይህ ሁሉ ሲሆን ሥራቸውን አያቋርጡም። ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚቀርዎት የአይፒ አድራሻውን ከአሮጌው ካርድ አንሥቶ ለአዲሱ መስጠት ብቻ ነው። አሮጌውን ካርድ ቀድመው ከነቀሉት ግን ዊንዶውስ አድራሻው በሌላ ካርድ ተይዟል ብሎ ይከራከርዎታል፤ ያን ጊዜ በዲቫይስ ማኔጀር የተደበቁ ዕቃዎችን አሳይቶ የአሮጌውን ካርድ ቅሪት ማጥፋት ነው።

መልስ 2 (ከአራት ኪሎ)፦

ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ቢሆንም፣ ሳይለኩ መቀየር ግን አልወድም። ፋይሉ ሲቀዳ በሴኮንድ 11 ሜጋባይት ገደማ ላይ ተቸክሎ የሚቀር ከሆነ ችግሩ ከድራይቨሩ ይልቅ በ100 ሜጋቢት የተገናኘ ኬብል ወይም ስዊች ሊሆን ይችላል፤ ጤነኛ የጊጋቢት መስመር በሴኮንድ ወደ 110 ሜጋባይት ያደርሳል። አይፐርፍ3 የተባለውን የኔትወርክ ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም በሰርቨሩና በአንድ የሠራተኛ ኮምፒውተር ላይ አስነሥተው በሁለቱም አቅጣጫ ይለኩ። በአንድ ማሽን ላይ ባሉ ሁለት ቨርቹዋል ማሽኖች መካከል ከለኩ ግን ፓኬቱ ኬብሉን ስለማይነካው ውጤቱ ስለ ቢሮው ኔትወርክ ምንም አይነግርዎትም። ከለውጡ በኋላ ዊንዶውስ የካርዱን ፍጥነት 10 ጊጋቢት ብሎ ቢያሳይዎትም አይመኑት፤ ድራይቨሩ የሚያስነብበው ቁጥር ነው እንጂ ኬብሉ አላደገም።

አንድ ነገር ልጨምር። የሒሳብ ፕሮግራሙ ፈቃድ ከማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር) ጋር የተሳሰረ ከሆነ አዲሱ ካርድ ሌላ አድራሻ ይዞ ስለሚመጣ ፕሮግራሙ ሊዘጋብዎት ይችላል፤ አሮጌውን ካርድ ካነሡ በኋላ የእርሱን ማክ አድራሻ ለአዲሱ ይስጡት።

ጠያቂ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ቀየርኩት። በአይፐርፍ3 ስለካ ኢ1000 ከ430 ሜጋቢት አያልፍም ነበር፤ አሁን 936 ደርሷል፣ ሲፒዩውም ረግቧል። የፈቃዱ ነገር ባይነሣ ኖሮ ዛሬ ጠዋት የሒሳብ ክፍሉ በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር፤ ፕሮግራሙ የማክ አድራሻውን እስክመልስለት ድረስ አልከፈትም ብሎ ነበር። ከአንደኛው ፎቅ የሚገናኙ ሁለት ኮምፒውተሮች ግን አሁንም 11 ሜጋባይት ላይ ናቸው፤ ቅዳሜ ኬብላቸውን እቀይራለሁ።