ልጓም ስታይ አንገቷን የምትሰቅል ባዝራ፦ አመኔታዋን እንዴት ልመልስ?

ባለባዝራው፦ የአምስት ዓመት ዳማ ባዝራ ከገዛሁ ሦስት ወር ሆኖኛል። ስጠራት ትመጣለች፣ እጄንም ታሸታለች፤ ነገር ግን ልጓም ይዤ ጋጣዋ ስገባ፣ ገና ብረቱ ሲንቃጨል አንገቷን ሽቅብ ትሰቅላለች፣ የዓይኗ ነጭ ይታያል፣ ከዚያም ዳሌዋን አዙራ ጥግ ትይዛለች። የቀድሞው ባለቤት ጆሮዋን እየጠመዘዘ ይለጉማት እንደነበር ሰምቻለሁ። እኔም በመጀመሪያው ሳምንት ቸኩዬ በግድ ለጉሜያታለሁ፤ ዛሬም ይጸጽተኛል። ጉልበት ሳልጠቀም ተግባብተን እንድንሠራ ከየት ልጀምር?

አሮጌ እርካብ፦ ከሁሉ በፊት አፏን ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩ። ከመንጋጋዎቿ ፊት የበቀለች ትንሽ ጥርስ ወይም የሾለ የመንጋጋ ጠርዝ ካለ ብረቱ በነካት ቁጥር ያማታል፤ ሕመምን ደግሞ በማባበል ማስለመድ አይገባም።

ጤንነቷ ከተረጋገጠ ልጓሙን ለጊዜው ይተዉትና በገመድ ብቻ ይጀምሩ። ፈረስ የሚማረው ገመዱ ሲሳብ ሳይሆን በሚላላበት ቅጽበት ነው። ገመዱን በሁለት ጣት ብቻ ወደ ታች ያዝ አድርገው ይጠብቁ፤ ራሷን ጥቂት እንኳ ዝቅ ስታደርግ ወዲያውኑ ይልቀቁላት። ዘግይተው፣ መልሳ ቀና ስትል ከለቀቁላት ግን ያስተማሯት ቀና ማለትን ነው። እልኸኛ ተብለው የተጠሉ ብዙ ፈረሶችን አይቻለሁ፤ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የዘገየው እጅ ነበር። ስትታዘዝልዎ ጋማዋ ከጀርባዋ የሚገናኝበትን ቦታ ይከኩላት፤ ፈረሶች እርስ በርሳቸው የሚተካከኩት እዚያ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ ጥናትም በዚያ ቦታ ሲታከኩ የልብ ምታቸው እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ጥሞና፦ እርስዎ እርሷን እንደሚያዩ እርሷም እርስዎን ታነባለች። በርሊን ውስጥ ሃንስ የተባለ ፈረስ ሒሳብ ያሰላል ተብሎ ዝናው በወጣ ጊዜ፣ ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ፈረሱ በሰኮናው መምታቱን የሚያቆመው ጠያቂው ሳያስበው ራሱን በጥቂቱ ሲያንቀሳቅስ አይቶ ነበር። ብዙዎች ይህን የፈረሱ ሽንፈት አድርገው ይተርኩታል፤ ለእኔ ግን ፈረስ ሰውን ምን ያህል አጥርቶ እንደሚያይ የሚመሰክር ነው። ስለዚህ ትንፋሽዎን ይዘው፣ ትከሻዎን ገትረው ከገቡ ብረቱ ሳይንቃጨል በፊት አውቃለች። ወደ ትከሻዋ በኩል ቀስ ብለው ይቅረቡ፤ ልክ ከግንባሯ ፊትና ከጅራቷ ኋላ ያለው ቦታ አይታያትምና።

ሜዳ ላይ፦ በሁሉም እስማማለሁ፤ ነገር ግን ጋጣ ውስጥ አይጀምሩ። መሸሻ የሌላት ባዝራ ዳሌዋን ስታዞር ቀጥሎ የሚመጣው እርግጫ ነው፤ ይህንንም በትዕግሥት ስም ሊያልፉት አይገባም። በታጠረ ሰፊ ግቢ፣ ሳትታሰር ያሠሯት። ስትሄድ አያሳድዷት፤ እምቢ ማለት ካልቻለች እሺታዋን ሊያምኑት አይችሉም። በኖርዌይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት 23 ፈረሶች በሰሌዳ ላይ ያሉ ምልክቶችን በአፍንጫቸው እየነኩ ልብስ ይደረብልኝ ወይም ይውለቅልኝ ማለትን እንደተማሩ ያሳያል። ሲጠየቁ የሚመልሱ እንስሳት ናቸው።

ባለባዝራው፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐኪሙ ያቺን ትንሽ ጥርስ አግኝቶ ነቀለላት፤ ቁስሉ እስኪድን ጠብቄ በግቢው ውስጥ ጀመርን። ትናንት ብረት የሌለውን ጠፍር በክንዴ ላይ አንጠልጥዬ ቆምኩ። ሦስት እርምጃ ሸሸችና ቆመች፤ አንድ ጆሮዋ ግን ወደ እኔ ዞሮ ነበር። ጠፍሩን ዝቅ አደረግሁ፤ ቆይታ ተመለሰችና አፍንጫዋን ጠፍሩ ላይ አሳረፈች። በዚያው ለቀቅኋት። ወደ ብረቱ መቼ ልመለስ?

አሮጌ እርካብ፦ ጠፍሩን ሲያነሡ ሳይጠይቋት ራሷን ዝቅ ማድረግ ስትጀምር ብረቱን በእጅዎ ይዘው ያሸትቷት፤ አፏ ውስጥ አያስገቡት። ብረት በሌለው ልጓም ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚጋለቡ ፈረሶችም ስላሉ፣ መመለስ ግዴታ መስሎ አይታይዎ።