ደርቡሽን የዓድዋ ዘማች ላደርግ ብዬ ሸማው እምቢ አለኝ

ባለጎፈሩ (ገርጂ)፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ነገሬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

የአክስቴ ልጅ ከእንግሊዝ ሲመጣ አንድ ካርቶን የፕላስቲክ ወታደር ይዞልኝ መጣ። 40 ናቸው፤ ቁመታቸው 28 ሚሊሜትር፣ እጅና ጭንቅላታቸው ለየብቻ የሚለጠፍ። እኔ ያዘዝኩት የዓድዋ ሰው ነበር፣ እሱ ያገኘው ደርቡሽ፣ የሱዳኑ መሐዲ ተዋጊ፣ ነው። «ያው ነጭ ለብሶ ጦር ይዟል፣ ምን ልዩነት አለው?» አለኝ። አፄ ዮሐንስን መተማ ላይ የጣለ ደርቡሽ እኔ ጠረጴዛ ላይ የምኒልክ ዘማች ሊሆን ነው እንግዲህ።

ሳየው ግን ብዙም አልከፋኝም። እግራቸው ባዶ ነው። ጠመንጃቸው ሬሚንግተን ነው፤ እሱን እኛም ጉንደትና ጉራ ላይ ከግብጾች ማርከነዋል፣ ስለዚህ አልነካሁትም። ጥምጣማቸውን በምላጭና በሞረድ አውርጄ ጎፈሬ አበጀሁላቸው። (መቼም የእጅ ሥራ ነገር አስቂኝ ነው፦ ፒንሳ፣ ትራፓኖ፣ ስቱኮ፣ ስቴኪኒ። ዓድዋን የምሠራው በጣሊያንኛ ነው።)

መከራዬ ሸማው ነው። መጀመሪያ በስቱኮ ሞከርኩ፣ ደርቆ ተፈረፈረ። ቀጥሎ ሶፍት በኮላ ነክሬ አለበስኳቸው፤ ሁለቱ አማረባቸው፣ የሌሎቹ ተቀደደ። ከዚያ አረንጓዴውን የምስል መሥሪያ ሊጥ አስመጣሁ፣ ሰማያዊና ቢጫው አንድ ላይ የሚቦካውን። እሱ ደግሞ ወፍሮ ወፍሮ ጋቢም አልሆን አለ፣ ሰውየው ፍራሽ ተሸክሞ የሚዘምት ነው የሚመስለው። ነጩን ቀለም ሁለት ጊዜ ስደርብበት ደግሞ ኖራ የተለሰነ ግድግዳ ሆኖ አረፈው።

ተናድጄ ቀለሙን ላስለቅቅ ብዬ የሚስቴን አሴቶን አነሳሁ። ስድስት ዘማቾች ዓድዋ ሳይደርሱ ብርጭቆ ውስጥ ቀለጡ። 34 ቀርተውኛል።

ሁለት ነገር ንገሩኝ። ሸማው እንዴት ይሳሳል? ነጩስ ኖራ ሳይመስል እንዴት ይቀባል? የተሻለውን አንዱን ፎቶ አያይዣለሁ፣ እባካችሁ አትሳቁ።

ጋሽ ብሩሽ (ፍራንክፈርት)፦

ልጄ፣ ስቄያለሁ፤ ግን ከ20 ዓመት በፊት እኔም በዚያው አሴቶን አንድ ሙሉ የፈረሰኛ ቡድን ስለፈጀሁ ነው። አሴቶንን ለብረት ምስል እንጂ ለፕላስቲክ እንዳታስጠጋው። አክሪሊክ ከሆነ የቀባኸው ፋርማሲ የሚሸጠው አልኮል ይበቃል፤ ጥቂት ሰዓት ነክረህ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍገው። የቀለጡትን ደግሞ አትጣላቸው።

ወደ ሊጡ እንምጣ። ስህተትህ ቸኩለህ ማልበስህ ነው። ከሁለቱም እኩል ቆርጠህ አረንጓዴው አንድ ወጥ እስኪሆን አቡካው። የምታቦካው የአተር ፍሬ የምታክል ነው፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ሳትጠቀምበት ይደርቃል። ወዲያው ስትነካው እጅህ ላይ እንደ ማስቲካ ይጣበቃል፣ ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ተወው። ከዚያ ላስቲክ ላይ ቫዝሊን በስሱ ቀብተህ፣ እርጥብ ጠርሙስ በላዩ አንከባልለህ ዳምጠው። ብርሃን ላይ ስትይዘው ጣትህ እንደ ጥላ ከበስተጀርባው መታየት አለበት። አሁንም አታልብሰው። ሌላ ግማሽ ሰዓት ይተኛ። ይኼኔ ነው ሊጥነቱ አልቆ ጨርቅ የሚሆነው፤ ታጥፎ ይቆማል፣ አይለጠጥም። በምላጭ ቁረጠውና በእርጥብ ቢላ ጫፍ አንሳው።

እጥፋቱን እንዳመጣ አትጫረው። ጨርቅ የሚታጠፈው ከተያዘበት ቦታ ተነሥቶ ነው። ትከሻ ላይ ከተጣለ ሽብሽቡ ከትከሻ ይጀምርና ወደ ታች እየሰፋ ይሄዳል። የስቴኪኒህን ሹል በሞረድ አድቦልቡለው፣ በምራቅህ አርጥበው (ውሃም ይሆናል፣ እኔ ምራቅ ለምጄ ነው)፣ ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ ብቻ ሳብ። ደጋግመህ ከነካካኸው ተበላሸ። ወገቡ ላይ የሚጠመጠመውን ዛሬ ሠርተህ አሳድር፤ የሚጣለውን ጫፍ ነገ። ሁለቱን በአንድ ቀን ስትሠራ አንዱን ስትነካ ሌላው ይጨፈለቃል።

ነጩ። ነጭን በነጭ አትጀምር። ከሥሩ ጥቁር ቡናማ ይሁን። በላዩ ማኪያቶ የሚመስል ቀለም ሙሉውን ቀባ፣ ጉድጓድ ጉድጓዱን ግን ተወው። ቀጥሎ ወተት የበዛበት ማኪያቶ፣ የእጥፋቱ ጀርባ ላይ ብቻ። ንጹሑ ነጭ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱም ትከሻው ጫፍና ጉልበቱ ላይ፣ ብሩሹ ሊደርቅ ሲል። ቀለምህን በውሃ አቅጥነው፣ ሦስት ስስ ከአንድ ወፍራም ይሻላል። ኖራ የመሰለብህ ስላላቀጠንከው ነው። ደግሞ ነሐሴ ላይ በረንዳ ወጥተህ ስፕሬይ እንዳትነፋ፤ እርጥበቱ ቀለሙን ዱቄት ያደርገዋል።

እነዚህ ሰዎች ደግሞ ከጥቅምት እስከ የካቲት በእግራቸው የተጓዙ ናቸው። እንዶድ ያየ ሸማ ማን ለብሶ ነበር? ከጉልበት በታች ቀላ ያለ አፈር በደረቅ ብሩሽ አቧራ አድርግበት። ከመኳንንቱ አንዱን ብቻ አንጻው፣ ልዩነቱ እንዲታይ።

የሽሮሜዳዋ፦

እኔ ወታደር መቀባት አላውቅም፣ ወንድሜ ነው ይኼን ገጽ የላከልኝ። ሽመና ቤት ነው ያደግሁት፣ ነጠላ ነው የምሸጠው፤ ፎቶህን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ወንድሜ፣ ይኼን ሰውዬ እኮ ለቅሶ ቤት ነው የላክኸው! ጥለቱን አንገቱ ላይ አምጥተህበታል። ጥለቱ ወደ ታች ይውረድ። ሌላው፣ ሰው ሊዋጋ ሲሮጥ ሸማ እንዲህ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ አይሮጥም፣ በሁለት እርምጃ ይወድቅበታል። ወገቡ ላይ ጥብቅ አድርጎ ይታጠቀዋል። ትከሻ ላይ ጣል የሚያደርገው ቆሞ የሚያዘው ነው። ጌታው ፊት የቆመው ደግሞ ያደገድጋል፦ ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ደረቱና ወገቡ ላይ ያስራል። እንግዲህ ምኒልክን የምትሠራ ከሆነ አጠገባቸው ያሉትን አደግድጋቸው፣ አለዚያ አያቴ ብታይህ ባለጌ ትልሃለች።

የሣልከው ባለብዙ ቀለም ጥለትም የዛሬ ገበያ ነው። ለመኳንንቱ ጃኖ አድርግላቸው፣ አንድ ሰፊ ቀይ መስመር ብቻ። ላንተም ይቀልሃል።

ዳይሰኛው (አዳማ)፦

የጋሽ ብሩሽን ካነበብኩ በኋላ ስለ ቀለም አልናገርም። እኔ በነዚህ ምስሎች የጦርነት ጨዋታ በዳይስ የምጫወት ሰው ነኝ፣ ሒሳብ ላምጣ። ዓድዋ ላይ የጣሊያኑ ጄኔራል የባራቲየሪ ጦር ወደ 17,700 ሰውና 56 መድፍ ነው። አንዱን ምስል በ500 ሰው ብትመታው 35 ምስል ይሆናል። የኛን ወገን 100,000 ብትል 200 ምስል። አንተ 34 ይዘህ ዓድዋን አትነካትም፣ የካቲት 23 ይደርስና አንድ ጥግ ብቻ ሠርተህ ትቀመጣለህ።

አምባላጌን ሥራ። ኅዳር 28፣ 1888፣ የጣሊያኑ ሻለቃ ቶሴሊ ከ2,000 ትንሽ የሚበልጥ ሰው ይዞ አምባው ላይ ነው፤ አብዛኛው አስካሪ፣ ለጣሊያን የሚዋጋ የአገሬው ወታደር፣ ነው። አንተ ሽቅብ የሚወጣውን የፊታውራሪ ገበየሁን ጦር ብቻ ሥራ። ሌላ ካርቶን ካገኘህ ደርቡሹን አስካሪ ማድረግ ይቀላል፦ ረዘም ያለ ቀይ ተርቡሽ (ቆብ) ከሊጥ፣ መቀነትና ዘርፍ በየሻለቃው ቀለም። ሸማ የለው፣ ጣጣ የለው። ጋሻ ደግሞ ለሁሉም አታድል፣ አብዛኛው ጠመንጃ ይዞ ነው የዘመተው።

ባለጎፈሩ፦

ሦስት ሳምንት አለፈ፣ ተመልሻለሁ።

ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉት አደረግሁ። ሁለተኛው ግማሽ ሰዓት ነው ሁሉንም የቀየረው፤ እኔ እስከ ዛሬ ሊጥ ነበር የማለብሳቸው። ጣቴ በስተጀርባው ጥላ ሲሆን ሳይ ጮክ ብዬ ስቄ ሚስቴ ከጓዳ ወጣች። አምስት ጨርሻለሁ። ሦስቱ ታጥቀዋል፣ አንዱ አደግድጓል።

አምስተኛው ገበየሁ ነው። ጎፈሩን ከዚያው ሊጥ ሠራሁ፦ ፊቱን ዙሪያ በስስ ከብቤ፣ ገና እርጥብ ሳለ በመርፌ ከግንባሩ ወደ ውጭ ሳብ ሳብ። ሲደርቅ ቢጫ ቡናማ ቀባሁት፣ ሥሩን አጠቆርኩት። ጋሻው ከቆርቆሮ የተቆረጠ ክብ ነው፤ ቆዳ ላይ አስቀምጬ በማንኪያ ጀርባ ስጫነው ጎበጥ አለልኝ። ጥለቱን ሦስቴ አጠፋሁት። በመጨረሻ ብሩሹን ትቼ በስቴኪኒ ጫፍ ቀይ አስነክቼ ጎተትኩት፣ ትንሽ ተንቀጠቀጠ ግን ጃኖ ነው። እኅቴ የሽሮሜዳዋ፣ ፎቶው ከታች አለ፤ ለቅሶ ቤት ከሆነ ንገሪኝ።

ዳይሰኛው፣ አምባላጌ ተስማምቶኛል። ስድስቱን የቀለጡትንም ሥራ አገኘሁላቸው፦ አሸዋና ኮላ ነስንሼባቸው የአምባው ድንጋይ ሆኑ። ከአንዱ ድንጋይ ሥር የሬሚንግተን አፈሙዝ ትንሽ ብቅ ብሏል፣ እሱን አልሸፈንኩትም።

29 ይቀሩኛል። አሴቶኑ ተደብቋል። ዛሬ ማታ የአተር ፍሬ የምታክል አቦካለሁ።

የሽሮሜዳዋ፦

አሁን ሰው ሆነ። የግራ ትከሻው ላይ ግን ሸማው ትንሽ አጥሯል።